ታቲንግ፦ በትንሽ መወርወሪያ የሚቋጠረው ዳንቴልና አለማመዱ

ታቲንግ ከክርና ከአንዲት ትንሽ መወርወሪያ በቀር ብዙ ዕቃ የማይጠይቅ የዳንቴል አሠራር ነው። እኛ ዘንድ ዳንቴል ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ኪሮሽ ነው፤ ቡፌና ሶፋ ላይ ወደሚነጠፈው። ሁለቱ ከሩቅ ይመሳሰላሉ፣ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። በኪሮሽ የተሠራን ነገር የክሩን ጫፍ ይዘው ቢስቡት እስከ መጀመሪያው ይተረተራል። ታቲንግ አይተረተርም፤ ከዳር እስከ ዳር ቋጠሮ ነው። ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው። ተማሪን የሚያስለቅሰውም ይኸው ነው።

ሙሉ ሥራው የሚወጣው ከአንድ ዓይነት ቋጠሮ ነው። ቋጠሮው ሁለት ግማሽ አለው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ተገላቢጦሽ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ድርብ ቋጠሮ ይባላሉ። ድርብ ቋጠሮዎች በአንድ ውስጠኛ ክር ላይ ይደረደራሉ። ውስጠኛው ክር ሲሳብ ድርድሩ ዞሮ ይዘጋና ቀለበት ይሆናል። ሳይዘጋ ቅስት ሆኖ ሲቀር ደግሞ ሰንሰለት ነው። በቋጠሮዎች መካከል ሆን ተብሎ የሚተወው ትንሽ የክር ጆሮ ፒኮ ይባላል። ከመሐረብ ጠርዝ እስከ ጠረጴዛ ልብስ የሚሠራው ሁሉ የእነዚህ የሦስቱ ቅልቅል ነው።

መወርወሪያዋ ከሸማኔው መወርወሪያ ጋር ስም ትጋራለች እንጂ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ናት። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች። ሁለት ጎበጥ ያሉ፣ ጫፋቸው የሾለ ሳንቃዎች መሃላቸው ላይ ባለች አጭር ምሰሶ ተያይዘዋል። ክሩ የሚጠመጠመው በምሰሶዋ ላይ ነው። ጫፎቹ ስለሚነካኩ ክሩ ዝም ብሎ አይፈታም፤ ሲስቡት ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይወጣል። ድሮ ከአጥንት፣ ከዝሆን ጥርስ፣ ከኤሊ ቅርፊትና ከብር ትሠራ ነበር። ዛሬ ለጀማሪ ርካሿ ፕላስቲክ ትበቃለች። ክር ማጨቅ ግን አያስፈልግም። ክሩ ከሳንቃው ዳር አልፎ ከወጣ ጫፎቹ ይከፈታሉ፣ የወጣው ክርም እጅ እየነካው ይቆሽሻል።

ክሩ ጥጥ ሆኖ በደንብ የከረረ ይሁን። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይቀጥናል። 80 ቁጥር ለስስ የመሐረብ ጠርዝ የሚሆን ነው፤ ለጀማሪ ግን 10 ወይም 20 ቁጥር ይሻላል። ቋጠሮው በዓይን መታየት አለበትና። ሱፍ ለመጀመሪያ ቀን አይመከርም። ጸጉሩ ስለሚያያዝ ቋጠሮው አይንሸራተትም፤ ተማሪውም የተሳሳተው እሱ ይሁን ክሩ አያውቅም።

ከታቲንግ በፊት የአውሮፓ ወይዛዝርት በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በመወርወሪያ የሚሠሩት ሌላ ነገር ነበር። ክር ላይ ቋጠሮ እየደረደሩ ረጅም ገመድ ያወጣሉ፤ ገመዱን ጨርቅ ላይ ይሰፉታል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆሹዋ ሬይኖልድስ የአልበማርልን ካውንቴስ (ባለማዕረግ ወይዘሮ) ሲስል እጇ ላይ የሚታየው እንዲህ ያለ መወርወሪያ ነው። ሥዕሉን ያየ ሰው ታቲንግ ናት ቢል አይፈረድበትም፤ ግን አይደለችም። ዛሬ የምናውቀው ታቲንግ መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኤሌኖር ሪዬጎ ደ ላ ብራንሻርዲዬር ለንደን ውስጥ በእ.ኤ.አ. 1850 የታቲንግ መጽሐፍ አሳተመች። ቀለበቶችን በፒኮ በኩል እርስ በርስ ማያያዝ የተለመደውም በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ቀለበቶቹ ለየብቻ ተሠርተው በኋላ ይታሰሩ ወይም ይሰፉ ነበር። ማያያዣው ሲገኝ ሥራው ከጠርዝ ማስጌጫነት አልፎ ራሱን የቻለ ዳንቴል ሆነ። ቴሬዝ ደ ዲልሞንም በእ.ኤ.አ. 1886 ባወጣችው የመርፌ ሥራ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ አካትታዋለች። ካርመን ሲልቫ በሚል የብዕር ስም የምትታወቀው የሮማኒያ ንግሥት ኤልሳቤጥም እጇ ከመወርወሪያ የማይለይ ነበር ይባልላታል።

እንግዲህ ወደ ትምህርቱ። ታቲንግን የሚያስተምር ሁሉ ቶሎም ሆነ ዘግይቶ አንድ ቦታ ላይ ይደርሳል፤ ግልበጣው ላይ። ሌላው ሁሉ እያደር ይመጣል። ይህ ካልገባ ግን ምንም አይሠራም።

ክሩ በግራ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይቆነጠጣል። ከዚያ በተዘረጉት ጣቶች ጀርባ ዞሮ ወደ ተቆነጠጠበት ይመለሳል። ይህን የእጅ ክር እንበለው። መወርወሪያዋ በቀኝ እጅ ናት። ለመጀመሪያው ግማሽ በእጅ ክሩ ሥር ታልፋለች፣ በላዩ ትመለሳለች። እስከዚህ ማንም ይችለዋል። ግን አሁን የተፈጠረው ጥምጥም ገና የተሳሳተ ነው፤ የመወርወሪያዋ ክር በእጅ ክሩ ላይ ተጠምጥሟል። መሆን ያለበት የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ የግራ እጅ መሃል ጣት ጎንበስ ይላል፣ የእጅ ክሩም ይላላል። በዚያው ቅጽበት የመወርወሪያዋ ክር ቀጥ ብሎ ይወጠራል። ጥምጥሙ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ይዘላል። ከዚያ መሃል ጣት ቀስ ብሎ ይነሳና ቋጠሮውን ወደ ቆንጣጮቹ ጣቶች ይገፋዋል። ቋጠሮው ቦታው እስኪደርስ የመወርወሪያዋ ክር አይላላም። ሁለተኛው ግማሽ ሲመጣ መወርወሪያዋ በላይ ታልፍና በሥር ትመለሳለች፤ ግልበጣው ያው ነው።

ለምን ይከብዳል? እጃችን ከልጅነት ጀምሮ የተማረው ቋጠሮ ሲያይ ሁለቱንም ጫፍ ማጥበቅን ነው። እዚህ አንዱ እጅ ሲወጥር ሌላው መላላት አለበት። ጀማሪ ሲጨንቀው ግራ እጁ ይጠነክራል፣ ቋጠሮውም ሳይገለበጥ ባለበት ይታሰራል። የኪሮሽ ልምድ ያለው ሰው ክር አያያዙ ያማረ ስለሆነ ቶሎ የሚገባው ይመስላል። ነገር ግን ግራ እጁ ክሩን ሁልጊዜ ወጥሮ መያዝ ስለለመደ እዚህ ጋ ፍዳውን ያያል።

ለዚህ መምህራን የሚጠቀሙበት ዘዴ ሁለት ቀለም ክር ነው። ሰማያዊ መወርወሪያዋ ላይ ይጠመጠማል፣ ቢጫ እጅ ላይ ይውላል፣ ሁለቱም ጫፋቸው ላይ ይታሰራሉ። ግልበጣው ከተሳካ የሚደረደሩት ቋጠሮዎች ቢጫ ናቸው፤ ሰማያዊው ቀጥ ብሎ በውስጣቸው ያልፋል። ሰማያዊ ጥምጥም ብቅ ካለ እዚያች ላይ ተስቷል ማለት ነው። ሌላው ፈተና ይበልጥ ቀላል ነው። ሰማያዊውን ሳብ አድርጎ ቋጠሮዎቹ ይንሸራተቱ እንደሆነ ማየት። ከተንሸራተቱ ቀለበት ይዘጋሉ። ካልተንሸራተቱ ምን ዋጋ አለው፣ መቶ ቢደረደሩም አይዘጉም። ከእያንዳንዷ ግማሽ በኋላ ሳብ አድርጎ የሚሞክር ተማሪ ብዙ መቀስ ያተርፋል። አንድ ያልተገለበጠ ቋጠሮ ወዲያው በመርፌ ጫፍ ሊፈታ ይችላል፤ ቀለበቱ ከተዘጋ በኋላ ግን መክፈቱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ብዙዎችም ቆርጠው ይገላገሉታል።

አቀማመጥም ለውጥ ያመጣል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተማሪ ከመምህሩ ጎን ቢቀመጥ እጆቹን በራሱ አቅጣጫ ያያል። ግራኝ ከሆነ ግን ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ የመምህሩ እጆች በመስታወት እንደሚታዩ ሆነው ስለሚመጡለት ያየውን እንዳለ መቅዳት ነው። ግራኝን በግድ በቀኝ ማስተማር አላስፈላጊ ግፍ ነው።

ግልበጣው ከያዘ በኋላ ያለው ፈጠን ይላል። ግማሽ ጨርሰው የትኛው ቀጣይ እንደሆነ መርሳት ያጋጥማል። አንዱን ግማሽ ብቻ ደጋግመው ከሠሩ ድርድሩ ይጠማዘዛል፤ ይህ ሆን ተብሎ ሲሠራ የጆሴፊን ቋጠሮ የሚባል ጌጥ ነው፣ ሳይታሰብ ሲመጣ ግን ስህተት ነው። ለፒኮ በሁለት ድርብ ቋጠሮዎች መካከል ክፍተት ይተውና ቋጠሮዎቹ ይጠጋጋሉ። የ1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ከፍታው ግማሽ ሳንቲ ሜትር የሆነ ጆሮ ያወጣል። እኩል እንዲሆኑ የካርቶን ቁራጭ መለኪያ ይደረጋል። ለማያያዝ የእጅ ክሩ በቀድሞው ፒኮ ውስጥ በትንሽ ኪሮሽ ተስቦ ይወጣል፣ መወርወሪያዋም በወጣው ክር መሃል ታልፋለች። ሰንሰለት ለመሥራት ሁለተኛ ክር ይጨመራል። መወርወሪያዋ ስትመላለስ ክሩ እየከረረ ከሄደ አንጠልጥሎ መልቀቅ ነው፤ ራሷ ዞራ ትፈታዋለች።

በመርፌ የሚሠራ ታቲንግም አለ። ረጅም፣ ጫፉ የደነዘዘ፣ ከጫፍ እስከ ዓይኑ እኩል ውፍረት ያለው መርፌ ነው። ቋጠሮዎቹ መርፌው ላይ ይደረደሩና በመጨረሻ መርፌውና ክሩ በውስጣቸው ይሳባሉ። ግልበጣ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አንዳንድ መምህር ጀማሪን በመርፌ ያስጀምራል፣ በአንድ ቀን የሚታይ ነገር ይዞ ቤቱ እንዲገባ። የመወርወሪያ ወገኖች ግን ቋጠሮው ላላ ይላል ይላሉ፤ የመርፌው ውፍረት ያህል ክፍተት ስለሚቀር እውነት አላቸው። ስስ ነገር መሥራት የሚፈልግ ሰው ከመወርወሪያ ቢጀምር ይሻለዋል። የጣቶቹ ጤና የማይፈቅድለት ወይም ቶሎ ውጤት የሚፈልግ መርፌ ቢይዝ ምንም አያፍርም።

ቀድሞ ሙያው በቤት ውስጥ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር፤ መጽሔቶችም ያግዙ ነበር። በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ በእ.ኤ.አ. 1935 የተጀመረው ወርክባስኬት ለአሥርት ዓመታት የታቲንግ ንድፎችን አትሟል። የድሮ ንድፎች በረጅም አንቀጽ ስለሚጻፉ ጀማሪን ያደክማሉ። የዛሬዎቹ ሥዕል አላቸው፤ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ የቋጠሮው ቁጥር ይጻፋል። 5-5-5-5 ካለ አምስት ድርብ ቋጠሮ፣ ፒኮ፣ አምስት፣ ፒኮ እያለ ይሄዳል ማለት ነው፤ ሰረዟ ፒኮ ናት። እንደ እንግሊዙ ሪንግ ኦፍ ታተርስ ያሉ ማኅበራት አባላትን ያሰባስባሉ። ቪዲዮ ደግሞ ጎረቤት ውስጥ መምህር ለሌለው ትልቅ እፎይታ ሆኗል፤ ግልበጣዋን አቀዝቅዞ ደጋግሞ ማየት ይቻላልና።

ለመጀመሪያ ሥራ ሰፊ ነገር አይታሰብ። በቀለበትና በሰንሰለት የሚሄድ የመጽሐፍ ማመላከቻ በቂ ነው። ሲያልቅ ሁለት የክር ጫፎች ይቀራሉ፤ እነሱን መደበቅ የራሱ ጥበብ አለው። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቋጠሮዎች ሲሠሩ የታጠፈ ቀጭን ክር አብሮ ይቋጠራል። ቀለበቱ ሲዘጋ ጫፉ በእጥፉ ውስጥ ይገባል፣ ቀጭኑ ክር ሲሳብ ጫፉን ይዞ በቋጠሮዎቹ ሆድ ያልፋል። ትርፉ ይቆረጣል። ሥራው በለብታ ውኃ ይታጠብና ፒኮዎቹ አንድ በአንድ በስፒል ተወጥረው እስኪደርቅ ይተዋል።