«ሬዲዮ ላይ ከወጣማ ሀብታም ሆኗል» እና ሌሎች ስለ ካንትሪ ሙዚቀኛ የሚወሩ ነገሮች

የምኖረው ናሽቪል፣ ቴነሲ ነው፤ የምተዳደረውም በቤዝ ጊታር። ሰርግም ይሁን ልቅሶ፣ ሀበሻ በተሰበሰበበት ሥራዬን የሰማ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ታዲያ ዘፈናችሁ ሬዲዮ ላይ በተለቀቀ ቁጥር ስንት ይገባላችኋል?» «አምስት ሳንቲም አይገባንም» ስላቸው ይሳሳቃሉ። ገቢዬን የደበቅኩ ይመስላቸዋል። አንድ የማከብራቸው አባት እንዲያውም «አይዞህ ልጄ፣ አንበደርህም!» ብለውኛል። መልሱን ቆሜ ማስረዳት ሰልችቶኛልና ይኸው ጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ እናሳልፋቸው።

«ካንትሪ የሚጫወት ሁሉ ገበሬ ነው።» አብረውኝ ከሚጫወቱት ብዙዎቹ እዚሁ ከተማ ያለው ቤልሞንት ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተምረው የተመረቁ ናቸው። ኮፍያው የሥራ ልብስ ነው።

«ሰካራሞች ናቸው።» ጠዋት በ4 ሰዓት መድረክ የሚወጣ፣ ማታ ደግሞ ሌላ ቤት የሚጠበቅ ሰው ጠጥቶ አይዘልቅም።

«የነጮች ሙዚቃ ነው።» ይሄኛው ትንሽ ያናድደኛል። ባንጆ መነሻው ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ይዘውት የመጡት በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው። ከ1925 ጀምሮ ከናሽቪል የሚተላለፈው የግራንድ ኦል ኦፕሪ የሬዲዮ ዝግጅት ከመጀመሪያዎቹ ኮከቦቹ አንዱ ዲፎርድ ቤይሊ የሚባል ጥቁር የሃርሞኒካ ተጫዋች ነበር። በ1941 አሰናበቱት፤ እዚሁ ናሽቪል በሊስትሮ ሥራ ኖረ። ወደ ካንትሪ ሙዚቃ የዝና አዳራሽ ያስገቡት በ2005 ነው፣ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ። ሚሲሲፒ ጥጥ እርሻ ላይ ያደገው ቻርሊ ፕራይድ ደግሞ በ1971 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበርን ትልቁን ሽልማት ወስዷል። እኔን መድረክ ላይ አይተው «አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ ፈረንጆቹ አይደሉም፤ የኛው ሰዎች ናቸው።

«ኖታ አያውቁም፣ በደመ ነፍስ ነው የሚጫወቱት።» በደመ ነፍስ የሚሠራ ሰው ናሽቪል ውስጥ አንድ ሳምንት አይቆይም። እዚህ ከተማ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ የራሱ አጻጻፍ አለ፤ ኮርዶቹ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች፣ በፊደል ሳይሆን በቁጥር ይጻፋሉ። 1፣ 4፣ 5። ዘፋኟ «ዛሬ ድምፄ ደክሟል፣ ዝቅ አድርጉልኝ» ካለች ወረቀቱ አይቀየርም፤ 1 የሚባለው ድምፅ ብቻ ይቀየራል። መድረክ ላይ ደግሞ ወረቀትም የለም። የባንዱ መሪ ፊቱን ለሕዝቡ ሰጥቶ እየዘፈነ እጁን ወደ ጀርባው ይልካል፤ እኔ ዓይኔ ጣቶቹ ላይ ነው። አራት ጣት ካየሁ ወደ አራተኛው ኮርድ እሄዳለሁ። ሰምቼው የማላውቀውን ዘፈን እንዲህ እየተመራሁ እስከ መጨረሻው ስጫወት ታዳሚው ዓመቱን ሙሉ የተለማመድነው ይመስለዋል።

አሁን ወደ ዋናው።

«ዘፈኑ የዘፋኙ ነው፤ ሬዲዮ ላይ ሲወጣ ገንዘቡ ለእሱና ለባንዱ ነው»

በአሜሪካ ሕግ ተራው የኤፍኤም ሬዲዮ ዘፈን ሲያሰማ የሚከፍለው ለግጥሙና ለዜማው ደራሲ፣ እንዲሁም መብቱን ለያዘው አሳታሚ ብቻ ነው። ገንዘቡ አስካፕ፣ ቢኤምአይ እና ሴሳክ በሚባሉ ሰብሳቢዎች በኩል ያልፋል። ለዘፋኙ አይከፈልም። ለጊታሪስቱ አይከፈልም። ለቤዙማ ማን ትዝ ብሎት! ሕጉን ለመቀየር ኮንግረስ ላይ ብዙ ጊዜ ተሞክሯል፤ የሬዲዮ ባለቤቶቹ «እኛ እኮ በነፃ እያስተዋወቅንላችሁ ነው» ይላሉ፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል።

ምሳሌ የሚፈልግ ኬኒ ሮጀርስን ይውሰድ። የደርግ ዘመን ሰው ኬኒን እንደ ዘመዱ ነው የሚያውቀው፤ በ1985፣ በእኛው የ77ቱ ድርቅ ምክንያት ከዘፈኑት የአሜሪካ ድምፃውያንም አንዱ ነው። «ዘ ጋምብለር»ን ሁሉም የእሱ ነው ይላል። የጻፈው ግን ዶን ሽሊትዝ የሚባል የ23 ዓመት ልጅ ነው፣ በ1976፣ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ክፍል ሠራተኝነት ሲተዳደር። ዘፈኑን ይዞ ሁለት ዓመት ያህል ተንከራተተ፤ ሌሎችም ቀረጹት፣ አልሆነም። በ1978 ኬኒ ሲዘፍነው ዓለም ሰማው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በየትኛውም ኤፍኤም በተሰማ ቁጥር የሬዲዮው ክፍያ የደራሲውና የአሳታሚው ነው። ኬኒ ያገኘው ከሸክላ ሽያጩና ከኮንሰርቱ ነው፤ ያም ቀላል አይደለም፣ ግን ሌላ ገንዘብ ነው።

ዶሊ ፓርተን ይህን ከማንም በፊት ገብቷት ነበር። «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ»ን ራሷ ጽፋ በ1974 አወጣችው። ኤልቪስ ፕሪስሊ ልዘፍነው አለ። ማን እምቢ ይላል? ሥራ አስኪያጁ ግን የዘፈኑን የአሳታሚነት መብት ግማሽ ካልሰጠሽ አይሆንም አላት። እምቢ አለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ማደሯን ራሷ ተናግራለች። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ዘፈነችውና ዓለምን አዳረሰው፤ የደራሲነቱም የአሳታሚነቱም ድርሻ ሳይሸራረፍ የዶሊ ሆኖ ቆየ። ዘፈኑ የዊትኒ ነው የሚሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ሲከራከሩኝ ዝም እላለሁ።

ታዲያ ደራሲው ይንደላቀቃል? እሱም እንደምታስቡት አይደለም። ለአንድ ዘፈን ከእያንዳንዱ ሲዲ ወይም ግዢ ለደራሲና ለአሳታሚ የሚታሰበው በሕግ የተወሰነ ሒሳብ ከ2006 እስከ 2022 ድረስ 9.1 ሳንቲም ላይ ተቸንክሮ ቆይቶ በ2023 ወደ 12 አደገ። የዛሬ ዘፈን ደግሞ ብቻውን የሚጽፈው የለም፤ ጠዋት በ5 ሰዓት በቀጠሮ ቢሮ ገብተው ሦስት ሆነው ነው የሚጽፉት። አሳታሚው ስድስቱን ሳንቲም ካነሳ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሳንቲም ይደርሳል። አሳታሚው በየወሩ የሚሰጣቸው ገንዘብም ደመወዝ አይደለም፤ ቀብድ ነው፣ ዘፈኑ ሲሸጥ ከድርሻቸው ላይ ይቆረጣል። ከጎረቤቶቼ አንዱ ደራሲ ነው፤ ዘፈኑ በየመኪናው ሲጮህ በሰነበተበት ወቅት እሱ የሰው ቤት አጥር ይቀባ ነበር፤ የሬዲዮ ክፍያ ወራት ዘግይቶ ነዋ የሚመጣው።

እኔ በበኩሌ ስቱዲዮ ገብቼ ስጫወት ለሦስት ሰዓት ቀረጻ የተቆረጠውን ተቀብዬ እወጣለሁ፤ በሙዚቀኞች ማኅበሩ ታሪፍ ከሆነ የቡድኑ መሪ እጥፍ ያገኛል። (እግረ መንገዴን፦ አልበሙ ላይ የምትሰሙት ባንድ ብዙ ጊዜ መድረክ ላይ የምታዩት ባንድ አይደለም። የስቱዲዮ ሰዎች ሌላ፣ የመንገድ ሰዎች ሌላ ናቸው።) በሳተላይትና በኢንተርኔት ሬዲዮ ብቻ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ሃምሳው በመቶ ለቀረጻው ባለቤት፣ 45 ለዘፋኙ፣ 5 በመቶ ደግሞ ከኋላ ላሉት ተጫዋቾችና አጃቢዎች በሙሉ ይወጣል። አዎ፣ አምስቷን ነው የምንካፈለው። አንድ ቀን ነዳጅ ማደያ ገብቼ ቤዙን የተጫወትኩበት ዘፈን በሬዲዮ ሲለቀቅ ሰማሁ። የቤንዚኑን ከፍዬ ወጣሁ።

ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ለምን እንደሆነ ይገባኛል። እኛ አገር ግጥምና ዜማ በአብዛኛው አንዴ ተሽጦ ያልቅና ስሙም ገንዘቡም ከዘፋኙ ጋር ይሄዳል። የምትወዱትን ዘፈን ግጥም ማን እንደጻፈው ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

«ብሮድዌይ ላይ የሚጫወተው ያልቀናው ነው»

ብሮድዌይ መሀል ናሽቪል ያለ፣ ግራና ቀኙ መጠጥ ቤት የሆነ መንገድ ነው። አብዛኞቹ ቤቶች መግቢያ አያስከፍሉም፤ ሙዚቃው ከረፋድ ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ነው፣ አንዱ ባንድ ሲነቅል ሌላው ይሰካል። አንድ ፈረቃ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቤቱ የሚከፍለው ትንሽ ነው፤ የቤት ኪራይ የሚወጣው ከባልዲው ነው። እኛ አገር ሽልማቱ ግንባር ላይ ይለጠፋል፣ እዚህ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ይጣላል። የባልዲው ሆድ ላይ በስልክ ካሜራ የሚነበብ፣ ቬንሞ የሚባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያ ኮድ ተለጥፏል፣ «ጥሬ ገንዘብ አልያዝኩም» ብሎ ማምለጥ ቀረ። በየሰዓቱ ከመካከላችን አንዱ ይዞት በየጠረጴዛው ይዞራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው ፈገግታ የሚሆንለት ነው፣ ስለዚህ እኔን አይልኩኝም። የኳስ ሰሞን ደግሞ ገበያ ነው። የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ የቡድኑን ዘፈን በ20 ዶላር ያዝዛል፤ የአላባማው ደጋፊ እንዲቆም 40 ይጥላል፤ ያኛው ደግሞ 60። የባንዱ መሪ ብልህ ከሆነ ዘፈኑን ለመጀመር አይቸኩልም።

ያልቀናው ነው ማለቱ ግን ስህተት ነው። ሰኞ እዚያ መድረክ ላይ አጠገቤ የሚቆመው ጊታሪስት ቅዳሜ ስታዲየም ውስጥ ታዋቂ ዘፋኝ ሲያጅብ የነበረ ሊሆን ይችላል። የናሽቪል ዘፋኞች በብዛት የሚጓዙት ቅዳሜና እሁድን አስታክከው ነው። ሐሙስ ማታ ሱፐርማርኬት የመኪና ማቆሚያ ላይ አውቶቡሱ ይጠብቃል፤ መጋረጃ ያላቸው ጠባብ አልጋዎች በሦስት በሦስት ተደርድረዋል፣ አሥራ ሁለት ሰው ተኝቶ ያድራል፤ እሁድ ይመለሳል። ክፍያው በኮንሰርት ቁጥር ነው። ኮንሰርቱ ከተሰረዘ፣ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡም የለም። ጥርና የካቲት ላይ ሥራው ስለሚቀዘቅዝ በሞቃቱ ወራት ያላጠራቀመ ሰው የብርዱን ወራት ኡበር እየነዳ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሰውየው ሰኞም ብሮድዌይ ይወጣል።

«ናሽቪል መምጣት ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ይሰማሃል፣ አለቀ!»

ይሄን የሚሉኝ ከአዲስ አበባም ከሪያድም የሚደውሉ ልጆች ናቸው። ማንም አይሰማህም፤ እዚህ ቡና የሚቀዳልህ ልጅም ካንተ የተሻለ ይዘፍናል። መምጣትህ ካልቀረ ግን እነዚህን ያዝ። የቁጥሩን አጻጻፍ አገርህ ሆነህ ተማር፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን የድሮ ዘፈኖች በየትኛውም ቁልፍ፣ ማለትም ከየትኛውም መነሻ ድምፅ፣ መጫወት ልመድ፤ የራስህን ዘፈን ለመስማት ባልዲ ውስጥ ብር የሚጥል የለም። ሰዓት አክብር። «የአበሻ ቀጠሮ» እያልክ የምትቀልደው እዚህ ሥራ ያሳጣሃል፣ ተተኪው በር ላይ ቆሟል። ከሰው ጋር ዘፈን ስትጽፍ ከክፍሉ ከመውጣትህ በፊት የሁላችሁንም ስም ከነድርሻችሁ በመቶኛ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ ወዳጅነታችሁ የሚፈርሰው ዘፈኑ ከተሰማ በኋላ ነው። ከአስካፕ ወይም ከቢኤምአይ ጋር ተመዝገብ፤ ያልተመዘገበን ሰው ፈልጎ ገንዘብ የሚሰጥ የለም። የክር፣ የገመድ፣ የቤንዚን ደረሰኝህን አትጣል፤ የራስህ ተቀጣሪ ስለሆንክ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶው የሚቆረጠው ካንተው ነው፣ ግማሹን የሚሸፍንልህ አሠሪ የለም። ከሁሉም በፊት ደግሞ ቪዛህን እይ። በጉብኝት ቪዛ መጥቶ ለክፍያ መጫወት አይፈቀድም፤ የባልዲው ገንዘብም ክፍያ ነው።