ከዳይኖሰር በፊት የነበሩ እንስሳት አሳሳል፦ ከሐረርና ከድሬዳዋ ሲታይ

ከዳይኖሰር በፊት የኖሩ እንስሳትን መሳል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሠዓሊው ከቅሪተ አካል ይነሳል። መጀመሪያ አጥንቱን ይገጣጥማል፣ ከዚያ ጡንቻ ይሞላል፣ በመጨረሻ ቆዳ ያለብሳል። አጥንት የማይናገረውን ደግሞ ዛሬ በሕይወት ካሉ እንስሳት ይበደራል።

ለዚህ ሐረር ምቹ ናት። ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ሥጋ ሊቀበል ሲጠጋ ልብ ብላችሁ እዩት። ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ያለው ቁመናው ከአጥንቱ ይታወቃል። ክብ ጆሮው፣ ማጅራቱ ላይ የሚቆመው ጸጉርና ነጠብጣቡ ግን አጥንት ላይ የሉም። የባቢሌ ዝሆን ኩምቢም አንድ አጥንት የለውም። አጽማቸው ብቻ ቢተርፍ ኖሮ ምን አድርገን እንስላቸው ነበር?

የአካባቢው ድንጋይ ግን ለዚህ ሥራ አይረዳም። ድሬዳዋ ለሲሚንቶ የሚፈጨው ኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ከባሕር ሥር የተነጠፈ ነው፤ ያኔ ዳይኖሰሮች ነበሩ። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ አለ። ከዚያ በታች ቀጥታ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረው ጥንታዊ አለት ይመጣል። በመካከል ያለው፣ ከዳይኖሰር በፊት የነበሩት እንስሳት የኖሩበት ዘመን ገጽ ተቀዷል። የዚህ አገር ሠዓሊ በቴክሳስ፣ በደቡብ አፍሪካና በካናዳ የተገኙ ቅሪቶችን ፎቶና ልኬት ከማየት ሌላ አማራጭ የለውም። በድሬዳዋ አቅራቢያ ለገ ኦዳ ዋሻ ላይ ከብት የሳሉት የጥንት ሰዎች ዕድለኞች ነበሩ፤ የሳሉትን በዓይናቸው አይተዋል።

በዚህ ሙያ ስህተት ብርቅ አይደለም። ጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ነገር ያለው ዲሜትሮዶን ዛሬም ዳይኖሰር ይባላል። እሱ ግን ከእነሱ ወደ 40 ሚሊዮን ዓመት ቀድሞ ጠፍቷል፤ የሚቀርበውም ለአጥቢዎች ነው። ሆዱ መሬት ሲነካ ይሳል ነበር፤ የዱካ ቅሪቶች ግን ሆድ የተጎተተበት ምልክት የላቸውም። እንደ ጥቅልል የተጠማዘዘ ጥርስ የነበረው ሄሊኮፕሪዮን ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1899 ጥርሱን አፍንጫው ላይ አድርገው ገመቱት። ታችኛው መንጋጋ ውስጥ መሆኑን በ2013 የታተመ የሲቲ ስካን ጥናት አረጋገጠ።

ከሁሉም የሚያስቀው የሃሉሲጄኒያ ነገር ነው። ከካናዳ የተገኘች ትንሽ የባሕር እንስሳ ናት። በ1977 እሾኋን እግር አድርገው ገልብጠው ሳሏት። በ1991 ተቃናች። ጭንቅላቷ በትክክል የተለየው በ2015 ነው፤ እስከዚያ ጭንቅላት ተብሎ ይሳል የነበረው እብጠት ከበድኗ የፈሰሰ ፈሳሽ ሆኖ ተገኘ።