ብራይ ከተጠሩ ሥጋ ይያዙ

ብራይ በደቡብ አፍሪካ እሳት ላይ ሥጋ እየተጠበሰ የሚበላበት ግብዣ ነው። እዚያ «ብሪንግ ኤንድ ብራይ» (ይዘው ይምጡና ይጥበሱ) ብሎ የጠራዎት ሰው የሚጠበሰውን ሥጋና የሚጠጡትን ይዘው እንዲመጡ ይጠብቃል። ጋባዡ እሳቱን ያዘጋጃል፤ ብዙ ጊዜም ሰላጣና ፓፕ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ ያቀርባል። ስስት አይደለም፣ ወጉ ነው።

እሳቱ የእንጨት ወይም የከሰል ነው። በጋዝ የሚጠብሱም አሉ፤ ወግ አጥባቂዎቹ ግን እሱን ብራይ አይሉትም። እንጨቱ ነዶ ፍም እስኪሆን ይቆያልና እንደደረሱ እበላለሁ ብለው በባዶ ሆድ አይሂዱ። (ወሬው የሚደምቀውም ያኔ ነው።) ከዚያ የበግ ሥጋና በድንብላል የተቀመመው ቡረቮርስ የተባለው ቋሊማ ይጣዳል። መቆንጠጫውን ግን አይንኩ! እሳቱን የያዘው ሰው ጠብሶ እስኪጨርስ አዛዡ እሱ ነው።

ሴፕቴምበር 24 የሚከበረውን የቅርስ ቀን ብዙዎች «የብራይ ቀን» ይሉታል። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም ይህን ሐሳብ በይፋ ደግፈዋል።