«ቀረጥ የለም» ከተባለ በኋላ ቀረጥ ለምን ተጠየቀ?

ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው፤ ነጋዴው ለውጡን በኪሱ ያወቀው ግን የድሮው ደንብ እንደነበረ የቀጠለበት የሽግግር ጊዜ አልቆ 2021 ሲገባ ነው። የንግድ ስምምነቱ በሁለቱ መካከል ቀረጥ እንደማይኖር ይናገራል። ታዲያ የኅብረቱ አባል ወደሆነችው አየርላንድ ሪፐብሊክ ዕቃ የሚልኩ የብሪታንያ መደብሮች ለምን ቀረጥ ተጠየቁ?

ምክንያቱ «የምርት መነሻ» የሚባለው ደንብ ነው። ነጻነቱ የተሰጠው በብሪታንያ ተመርቶ ወደ ኅብረቱ ወይም በኅብረቱ ውስጥ ተመርቶ ወደ ብሪታንያ ለሚሻገር ዕቃ እንጂ ከዚያ ለተጫነ ሁሉ አይደለም። ባንግላዴሽ የተሰፋ ሸሚዝ ሎንዶን መጋዘን ውስጥ ስለሰነበተ የብሪታንያ ምርት አይሆንም። ይበልጥ የሚያደናግረው ይኸኛው ነው፦ ጀርመን የተሠራ ከረሜላ ብሪታንያ ገብቶ፣ ምንም ሳይጨመርበት ወደ አየርላንድ ሲላክ፣ የኅብረቱ ምርት ሆኖ ሳለ ቀረጥ ሊጣልበት ይችላል። ማከማቸትና እንደገና ማሸግ እንደ ማምረት አይቆጠርም።

ብሪታንያ አባል ሳለች ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር። በጉምሩክ ኅብረት ውስጥ አንዴ ቀረጥ የተከፈለበት ዕቃ መነሻው ሳይጠየቅ ይዘዋወራል፤ የነጻ ንግድ ስምምነት ይህን አይተካም። በእኔ እምነት ክፉኛ የተጎዱት ትንንሾቹ ነጋዴዎች ናቸው። ትልቁ ኩባንያ አውሮፓ ውስጥ መጋዘን ይከፍታል፤ ትንሹ ግን ለሚልከው ዕቃ የመነሻ ማረጋገጫ ማዘጋጀት አለበት።