ከሙጫ ዳይኖሰር አይፈለፈልም

በየዓመቱ የዘረመል ምዕራፍ በጀመርኩ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ይወጣል። «መምህር፣ ዳይኖሰርን ከአምበር አውጥተው ሊመልሱት ነው አይደል?» ተማሪው ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። እኔም በእርሱ ዕድሜ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአራት ልጆች ጋር ተጣብቄ «ጁራሲክ ፓርክ»ን አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ አምበር በሚባል የደነደነ ሙጫ ውስጥ ከቀረ ትንኝ ሆድ በተገኘ ደም ዳይኖሰር የሚፈለፈልበት ፊልም ነው። ባለፈው ክረምት ከልጄ ጋር እንደገና ሳየው ዛሬም እንደ ድሮው ልቤ ተንጠለጠለ። በፊልሙ ስም የሚነገረው ግን ሰለቸኝ።

«ከዳር እስከ ዳር ዳይኖሰር ነው።» ታናሽ ወንድሜ በዚህ ይምላል። 127 ደቂቃ ከሚፈጀው ፊልም ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የቀረው የሚንቀጠቀጥ ውኃ፣ የሚወዛወዝ ቅጠልና የእኛው ፍርሃት ነው።

«ሁሉም የኮምፒውተር ሥራ ነው።» ከዚያችው 15 ደቂቃ ውስጥ የኮምፒውተሩ ድርሻ ከግማሽ በታች ነው። በዝናቡ ሌሊት የሚያስፈራን አውሬ በብዙ ቦታ የፊልም ልዩ ትዕይንት ባለሙያው የስታን ዊንስተን ቡድን የሠራው ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ማሽን ነበር። የስፖንጅ ቆዳው ዝናቡን እየጠጣ ሲከብድ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሠራተኞቹ በየመሃሉ በፎጣ ያደርቁት ነበር።

«ቬሎሲራፕተር ሰው ያህላል።» የዚህ ዳይኖሰር ወገብ ከአዋቂ ሰው ጉልበት ብዙም ከፍ አይልም። ላባም ነበረው።

«ካልተንቀሳቀስክ ቲ-ሬክስ አያይህም።» የዚህ ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰር ዓይኖች ወደ ፊት የተተከሉ፣ ጥሩ አድርገው የሚያዩ ነበሩ፤ አፍንጫውም አይታማም። ወንድሜ ይህንን ብልሃት በሰፈራችን ውሻ ላይ ሞክሮታል። ውሻው ፊልሙን አላየም ነበር። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

አሁን ወደ አምበሩ ልምጣ።

አምበር ማለት በሚሊዮን ዓመታት የደነደነ የዛፍ ሙጫ ነው። ዛፉ ይለያይ እንጂ እጣንና ከርቤም በመሠረቱ የዛፍ ሙጫ ናቸው። ትንኝ ተጣብቆበት ይቀራል፤ ይህ እውነት ነው። ውሸቱ የሚጀምረው በሆዱ ያለው ደም እስከ ዛሬ ይነበባል ሲባል ነው። ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መረጃ የተጻፈበት ሞለኪውል፣ ይበሰብሳል። ሞአ በተባለው፣ ከኒውዚላንድ በጠፋው ግዙፍ ወፍ አጥንቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ የተወሰነ ርዝመት ካላቸው የዲኤንኤ ቁራጮች ግማሽ ያህሉ በ521 ዓመት እንደሚበጣጠሱ አስልቷል። በሚቀጥለው 521 ዓመት የቀረው ግማሽ፣ ከዚያ የዚያ ግማሽ... ቅዝቃዜ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። እስካሁን ከተነበበው ሁሉ እጅግ የቆየው ዲኤንኤ ከሰሜን ግሪንላንድ የቀዘቀዘ አፈር የወጣ ሲሆን ዕድሜው 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የመጨረሻዎቹ ትልልቅ ዳይኖሰሮች ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗል። ልጆች፣ ቀንሱ!

«ሙጫውስ አይጠብቀውም?» ይሉኛል። ገና አምበር ባልሆነ ሙጫ ውስጥ በተገኙ ንቦች ላይ ተሞክሯል፤ አንዱ ናሙና 60 ዓመት ገደማ ብቻ ነበር ያስቆጠረው። አስተማማኝ ጥንታዊ ዲኤንኤ አልተገኘም።

ደግሞ ፊልሙ አምበሩን የሚያስቆፍረው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው። የዚያ አገር አምበር የተፈጠረው ዳይኖሰሮቹ ካለቁ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ትንኙ የማንን ደም ሊጠጣ? በእኛም አገር፣ በሰሜን ሸዋ ዓለም ከተማ አካባቢ አምበር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዕድሜው 95 ሚሊዮን ዓመት ነው ተብሎ ሲታተም አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለወራት ደረቱን ነፍቶ ከረመ። በኋላ እንደገና ሲመረመር ወደ 20 ሚሊዮን ዓመት ወረደ። ባልደረባዬ ይህን ሁለተኛውን ዜና እስካሁን አልሰማም፤ እኔ በየዓመቱ ብነግረውም።

የሚገርመው ፊልሙ ራሱ ከአድናቂዎቹ ይልቅ ሐቀኛ መሆኑ ነው። የተገኘው ዲኤንኤ ቀዳዳ የሞላበት ስለነበረ በእንቁራሪት ዲኤንኤ ደፈንነው ይላል። በልጅነቴ እንግሊዝኛው ስላልገባኝ ያችን ንግግር አሰልቺ ብዬ አልፌያታለሁ። አሁን ግን ልጄን «ዝም በል፣ ይህንን ስማ» ያልኩት እዚያ ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ትንኝ ያለበት የአምበር ዶቃ ገዝታ መጥታ «መርምርልኝ» አለችኝ። እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፤ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨው አልሟሟ እስኪል ድረስ በጥብጡና ዶቃውን ጣሉበት። ማሰሪያና ብረት ካለው አውልቁለት። አምበር ይንሳፈፋል፤ አብዛኛው ፕላስቲክና ብርጭቆ ይሰጥማል። ወጣት ሙጫም ስለሚንሳፈፍ መንሳፈፉ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። በጋለ መርፌ መውጋትም አለ፤ እውነተኛው እንደ እጣን ያለ ሽታ ይሰጣል፤ ጌጡ ግን ይበላሻል። ትንኙ መሃል ለመሃል ክንፉን ዘርግቶ ለፎቶ የተዘጋጀ ከመሰለ ደግሞ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩ።

የእርሷ ዶቃ እንደ ጠጠር ሰጠመ። ዛሬም አንገቷ ላይ ነው፤ ለጠየቃት ሁሉ ከዳይኖሰር ዘመን የመጣ ነው ትላለች።