ስለ ፖለቲካ፣ መከባበርና የመንግስት ሃላፊነት ወላጆች ደጋግመን የምንላቸው የተሳሳቱ አባባሎች እና እውነታው

የምኖረው ሐዋሳ ነው፣ ልጆቼም እዚሁ ነው የሚማሩት። ትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ እስኪወጣ ስንጠብቅ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ እድር ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ወላጆች ስለ መንግስት ሲያወሩ የምሰማቸው አባባሎች አሉ፣ ከአመት አመት አይቀየሩም። አንዳንዱ ከፍርሃት የመጣ ነው አንዳንዱ ደሞ ከመሰልቸት፣ ግን ልጆቻችን እየሰሙ እንደ እውነት ስለሚይዙት ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ እንደማምነው ሰውን ማክበርና መንግስትን መጠየቅ አብረው ነው የሚሄዱት፣ አንዱን ትተን ሌላውን ብቻ ለልጅ እናስተምር ብንል አይሆንልንም። እስቲ በየተራ ልያቸው።

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው»

ይሄን ያላለ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ከየት እንደመጣም ይገባኛል፣ እኛን ያሳደጉን ሰዎች በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ልጆቻቸው ከቤት ተወስደው ሲቀሩ ያዩ ናቸው፣ ልጁ ተገድሎበት አልቅሶ መቅበር የተከለከለ ቤተሰብ ነበር እኮ። እነሱ «ልጄ ከፖለቲካ ራቅ» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል። እኛ ግን ፍርሃቱን ብቻ ወርሰን ፖለቲካ ማለት የፓርቲ አባል መሆን ወይ ሰልፍ መውጣት ብቻ አድርገን ያዝነው።

እውነታው ፖለቲካው እቤታችን ውስጥ ነው ያለው። አዲሱ ስርዓተ ትምህርት በ2015 ሲጀመር መጽሐፉ ታትሞ ስላልደረሰ ስንቱ ልጅ ነው በእናቱ ስልክ ፒዲኤፍ እያየ የተማረው፣ እናቱ ስማርት ስልክ የሌላት ልጅ ደሞ ከጓደኛው ደብተር እየገለበጠ። ያ መጽሐፍ ለምን ዘገየ ማለት የፖለቲካ ጥያቄ ነው። ውሃ በፈረቃ በየትኛው ቀን ለየትኛው ሰፈር ይለቀቅ፣ የባጃጅ ታሪፍ ስንት ይሁን፣ የቱ መንገድ ቀድሞ ኮብል ስቶን ይነጠፍ፣ ይሄን ሁሉ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ የሚወስን ሰው አለ። እኛ ራቅን ስንል ውሳኔው አይቀርም፣ ያለ እኛ ይወሰናል በቃ።

«መንግስት አባት ነው፣ አባት ደሞ አይጠየቅም»

ድሮ ሰማይ አይታረስ ንጉስ አይከሰስ ይባል ነበር። አሁን ግን ንጉስ የለንም። ህዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ህገ መንግስት አንቀጽ 12 ላይ የመንግስት አሰራር ለህዝብ ግልጽ መሆን አለበት፣ ማንኛውም ሃላፊና የህዝብ ተመራጭ ሃላፊነቱን ካጓደለ ተጠያቂ ነው ይላል። እዛው አንቀጽ ላይ ህዝብ በመረጠው ተወካይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል የሚልም አለ። በተግባር ሲሰራበት አላየሁም፣ ያ እውነት ነው፣ ግን ወረቀት ላይ ያለ መብት ማንም ካላነሳው ወረቀት ላይ እንደቀረ ነው የሚኖረው።

ሌላ የሚከነክነኝ ነገር አነጋገራችን ነው፣ «መንግስት መንገድ ሰጠን፣ ጤና ጣቢያ ሰጠን» እንላለን፣ ሪባን ሲቆረጥ ደሞ ልጆች ከክፍል ወጥተው ባንዲራ ይዘው ፀሃይ ላይ ይቆማሉ። ጥሩ የሰራ ይመሰገን፣ ማመስገን ማንንም አይጎዳም፣ እኔ ራሴ በሌሊት ተነስተው የሐዋሳን መንገድ የሚጠርጉትን እናቶች ሳይ ሁሌም አመሰግናለሁ። ግን መንገዱ ስጦታ አይደለም፣ በኛው ብር ነው የተሰራው። «እኔ ግብር አልከፍልም ምን አገባኝ» የሚሉም አሉ፣ ይሄኛው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቫት ያለበትን እቃ በ115 ብር ከገዛችሁ 15 ብሩ ግብር ነው፣ የሞባይል ካርድ ስትሞሉም እንደዛው። ደሞዝተኛ ከሆናችሁማ ብሩ እጃችሁ ሳይገባ ነው የሚቆረጠው። ጉሊት ቲማቲም የምትሸጠዋ እናትም ሳሙና ትገዛለች፣ ስለዚህ ያገባታል።

«መንግስትን መጠየቅ መሳደብ ነው» እና ግልባጩ «እውነት የሚናገር ሰው ይሳደባል»

እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ያደረኩት አንዱ ሌላውን ስለሚያሳድገው ነው። መጠየቅ ነውር ሲሆን ሰው ያፍናል ያፍናልና አንድ ቀን ፌስቡክ ላይ በስድብ ይፈነዳል፣ ስድቡን ያየ ሃላፊ ደሞ «አያችሁ ጥያቄ የላቸውም፣ ጥላቻ ነው» ይላል።

የሰማሁት ወሬ አይደለም፣ በአይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የክፍል ወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው፣ አንድ አባት በጣም በጨዋ ቋንቋ «የልጆቹ ሽንት ቤት ውሃ ከጠፋ ሰነበተ፣ ሴቶች ልጆች እስኪወጡ ድረስ እየያዙ ነው፣ ማንን እንጠይቅ?» ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው መልስ «አንተ ደሞ የማንን አጀንዳ ነው ያመጣኸው» ነበር። ሁለተኛው ሰውዬ የስሙን አመጣጥ አይቶ ብሄሩን ገመተና «እናንተ ድሮም...» ብሎ ጀመረ። ከዛማ ማን ያቁመው፣ እስከ ማታ ድረስ ስድብ በስድብ፣ ስክሪን ሹት እየተነሳ ሌላ ግሩፕ ላይ ሼር ሲደረግ፣ አድሚኗ ግሩፑን ዘጋችው። ውሃውን የጠየቀ ሁለተኛ ሰው አልነበረም። ልብ በሉ፣ እዛ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ልጆቻችን እዛው ሽንት ቤት ነው የሚገቡት፣ ሲዳማውም ወላይታውም አማራውም ጉራጌውም።

እውነታው እንዲህ ነው። ሃሳብን መግለጽ በአንቀጽ 29፣ አቤቱታ ማቅረብ ደሞ በአንቀጽ 30 የተጻፈ መብት ነው፣ ማንም በውለታ የሚሰጠን አይደለም። ሰውን በብሄሩ ወይ በሃይማኖቱ ምክንያት እንዲጠላ ወይ እንዲጠቃ መቀስቀስ ግን መብት አይደለም፣ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወንጀል ነው። በሁለቱ መሃል ሰፊ ቦታ አለ፣ እዛ ሰፊ ቦታ ላይ ነው ልጆቻችንን ማቆም ያለብን። ስራውን ተቹ ሰውየውን አትንኩ፣ «ይሄ ውሳኔ ለምን እንዲህ ሆነ» በሉ «እነዚህ ሰዎች» አትበሉ፣ እኔ እቤት የማስተምረው ይሄንን ነው።

እኛ የሐዋሳ ሰዎች ደሞ ይሄ በመጽሐፍ የምናውቀው ነገር አይደለም። ሰኔ 2010 ላይ፣ ያውም በሲዳማ ዘመን መለወጫ በጨምበላላ ሰሞን፣ የአንድ ከተማ ሰዎች በማንነታቸው ተለያይተው ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ከዛ በፊት አንድ ግቢ ውስጥ ቡና የሚጠራሩ ናቸው እኮ። ያንን ያመጣው ምንድነው ብሎ ብዙ የሚተነትን አለ፣ እኔ እንደ እናት የማውቀው ልጅ ሰፈር ውስጥ የሚሳደበውን ስድብ ከቤት ነው ይዞት የሚወጣው። የኋላ ታሪካችን ደሞ ሌላ ነገር ያሳየናል፣ የሲዳማ አባቶች ሶንጎ ላይ፣ ማለትም የሽማግሌዎች ጉባኤ ላይ፣ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ተራ ይጠበቃል፣ የማይስማማውም ሰው እስኪጨርስ ይሰማል፣ ከዛ በኋላ ነው የሚወሰነው። መከባበር ያለበት ክርክር ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም ለማለት ነው።

«ልጅ ፊት ፖለቲካ አይወራም»

ልጁ ቲክቶክ ላይ እኛ ካየነው በላይ አይቶ ነው የሚመጣው። እኛ ዝም ስንል የሚያስረዳው አንድ የማናውቀው ሰው ነው፣ ያውም ላይቭ ላይ ብር እየተላከለት የሚጮህ። እርግጥ ትምህርት ቤት ውስጥ የፓርቲ ቅስቀሳ መኖር የለበትም፣ ህገ መንግስቱም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖና ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነጻ ይሁን ይላል። እቤት ግን ሌላ ነው። ቀበሌ ምን ይሰራል፣ ምክር ቤት ማለት ምንድነው፣ 18 አመት ሲሞላህ ትመርጣለህ፣ ድምጽህም ሚስጥር ነው፣ እኔም ማንን እንደመረጥክ አልጠይቅህም ማለት ለልጅ አይከብደውም።

«ተማሪ የሚወድቀው ሰነፍ ስለሆነ ነው» ወይም «ጥፋቱ በሙሉ የመንግስት ነው»

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደሞ 3.2 በመቶ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። እስቲ አስቡት፣ ከመቶ ልጅ 96 እና 97ቱ ሲወድቅ ሰነፍ ልጅ ነው የሚባለው? አንድ ልጅ ቢወድቅ ልጁን እጠይቃለሁ፣ ትምህርት ቤቱ ሙሉ ሲወድቅ ግን የሚጠየቀው መምህር የመደበ፣ ላብራቶሪ ያላሟላ፣ መጽሐፍ ያላደረሰ፣ አስር አመት ሙሉ ልጁን ዝም ብሎ ሲያሳልፍ የነበረ አሰራር ነው። ያ የመንግስት ሃላፊነት ነው፣ ምንም የሚሸፋፈን ነገር የለውም። ለመምህሩ የወር አስቤዛ የማይሸፍን ደሞዝ እየከፈሉ ጥራት ጥራት ማለትም አያስኬድም።

ግን ወላጅ ሆይ፣ ወተመህ የሚባል ነገር እንዳለ ታውቃለህ? የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት። በየትምህርት ቤቱ አለ፣ አባላቱን የምንመርጠው እኛ ነን። ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ወላጅ እፍኝ አይሞላም፣ ክፍያ ሊጨመር ነው ሲባል ግን አዳራሹ ጢም ይላል። በሌላው ጊዜ የሌለ ሰው የዛን ቀን ብቻ ጮሆ ምን ያመጣል፣ ተመራጮቹም ብቻቸውን ስለሆኑ ርዕሰ መምህሩ ያለውን ፈርመው ይወጣሉ። የልጁን ደብተር ገልጦ ማየትም የትምህርት ሚኒስቴር ስራ አይደለም።

«ቆሻሻ የማዘጋጃ ጉዳይ ነው»

ሃይላንዱን ከባጃጅ መስኮት ወርውሮ «ይሄ ከተማ ቆሸሸ» የሚል ሰው ጋር መከራከር በጣም ይከብደኛል። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም፣ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ በላዩ ላይ የሚወጣ ነገር የለም፣ የገባ ፌስታል እዛው ነው። ማዘጋጃው ቦዩን በጊዜው ማጽዳት አለበት፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ቤታቸው የሚገባባቸው ሰዎች ተቆጥተው ቢጠይቁ ልክ ናቸው። በ2017 ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፣ ማስፈጸሙ የመንግስት ነው፣ ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣቱ ግን የኔ ነው።

«ጉቦ ሃጢያቱ የተቀባዩ ነው»

አንድ ቢሮ ወረፋ ላይ ከልጄ ጋር ቆመን ከፊታችን ያለ ሰውዬ ፋይሉ ውስጥ ብር አጥፎ አስገብቶ ሲያቀብል ልጄ አየ። ከደቂቃዎች በፊት «ሲስተም የለም» የተባለው ሲስተም ወዲያው መጣ። «እማ፣ ሰውዬው ብሩን ለምን ሰጠው? እኛስ ለምን አልሰጠንም?» አለኝ፣ ድምጹን ከፍ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔም ድምጼን ሳልቀንስ «ስራው በደሞዙ የሚሰራው ስለሆነ፣ መስጠትም መቀበልም ወንጀል ስለሆነ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውም ይቀጣል። ሻይ መጠጫ ብንለው፣ ማስቸኮያ ብንለው ህጉ ላይ ለውጥ የለውም። የቸገረው ሰው እንደሚሰጥ አውቃለሁ፣ ልጁ ሆስፒታል ተኝቶበት ወረቀት ያስፈለገውን ሰው መውቀስ አልችልም፣ ግን አብዛኞቻችን የምንሰጠው ቸግሮን ሳይሆን ወረፋ ስለጠላን ነው፣ ከኋላችን የቆመችዋ አሮጊት ደሞ በኛ ምክንያት ነገ ተመለሺ ትባላለች።

«አቤት ብትል ማን ይሰማሃል»

ይሄኛው ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሞክሮ ሳይሆን ሰምቶ ነው ተስፋ የቆረጠው። መጀመሪያ እዛው መስሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ አለ፣ ከዛ ሃላፊው፣ ከዛ ክፍለ ከተማ። ካልሆነ የዕንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ፣ ስራው በትክክል ይሄ ነው፣ የመንግስት መስሪያ ቤት በአስተዳደር ሲበድል መርምሮ መፍትሄ መጠየቅ። ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አለው፣ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽንም እንደዛው። ዕንባ ጠባቂ ክፍያ አይጠይቅም፣ መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ተናግሮ ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አይመለከትም፣ ያንን ይዛችሁ ሄዳችሁ እንዳትመለሱ። ስትሄዱ መጀመሪያ የጠየቃችሁበትን ማመልከቻ ኮፒ ያዙ፣ ቀኑን፣ ያናገራችሁትን ሰው የስራ ድርሻ ጻፉ፣ ማመልከቻችሁ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ሳይሰጠው ከቢሮው አትውጡ።