ትራንሰንደንታሊዝም፦ ህሊና፣ ተፈጥሮና የግብር እምቢታ በኮንኮርድ

ትራንሰንደንታሊዝም በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የተነሣ የሃይማኖት፣ የፍልስፍናና የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ ነው። እምብርቱ ከቦስተን በስተሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ትንሿ ኮንኮርድ ነበረች (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ከጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ቢወረስም፣ ኮንኮርዶች የካንትን ጥብቅ ትንተና ብዙም አልተከተሉም። አጥብቀው የያዙት አንድ ነገር ነው፦ ሰው ዓይኑና ጆሮው ከሚነግሩት ባሻገር እውነትን በውስጡ፣ ያለ አማላጅ ሊያውቅ ይችላል። ይህን የተቀበለ ሌላውንም ይቀበላል። ህሊና ከሰባኪና ከድምፅ ብልጫ ይቀድማል፤ ተፈጥሮ ያው መንፈስ የሚነበብባት ገጽ ትሆናለች፤ ህሊናን የሚጻረር ሕግም ታዘዙኝ የማለት መብቱን ያጣል።

ሐሳቡን ያደራጀው ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን (1803–1882) ነው። በቦስተን የዩኒቴሪያን (ሥላሴን የማይቀበል የክርስትና ክፍል) ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሳለ፣ የቅዱስ ቁርባንን ሥርዓት ሳያምንበት መፈጸም አልፈልግም ብሎ በ1832 ሥራውን ለቀቀ። በሴፕቴምበር 1836 «ተፈጥሮ» የተባለችውን አነስተኛ መጽሐፉን ስሙን ሳይጽፍ አሳተመ፤ በዚያው ወር የትራንሰንደንታሊስቶች ክበብ መሰብሰብ ጀመረ። በ1838 ለሃርቫርድ የነገረ መለኮት ተመራቂዎች ያደረገው ንግግር ሽማግሌዎቹን ስላስቆጣ፣ ዩኒቨርሲቲው ለ30 ዓመት ገደማ በሩን ዘጋበት።

በ1841 በወጣው «በራስ መተማመን» በተባለው ድርሰቱ የሚሰብከው ግለሰባዊነት ብዙ ጊዜ ራስ ወዳድነት ተደርጎ ይነበባል። ኤመርሰን የራስህን ሐሳብ እመን የሚለው ግን ያው አንድ መንፈስ በሁሉም ሰው ውስጥ አለ ብሎ ስለሚያምን ነው። ያም ሆኖ ድርሰቱ ከነቀፋ አያመልጥም፤ የማላውቃቸው ድሆች የእኔ ድሆች ናቸውን ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ዛሬም አንባቢን ይጎረብጣል። ማርጋሬት ፉለር ይህንኑ ሐሳብ ወስዳ ሴቶችም የራሳቸው ህሊናና ሙያ አላቸው ስትል በ1845 አንድ መጽሐፍ አወጣች። ከ1840 ጀምሮ ለሁለት ዓመት የክበቡን መጽሔት «ዘ ዳያል»ን ያዘጋጀችውም እርሷ ነበረች።

ሐሳቡን በእጁ የሞከረው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ (1817–1862) ነው። በማርች 1845 መጥረቢያ ተውሶ፣ ዋልደን ኩሬ አጠገብ በሚገኘው የኤመርሰን መሬት ላይ የጥድ ዛፎች መቁረጥ ጀመረ። ከአንድ አይሪሽ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ አሮጌ ጎጆ በ4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገዝቶ አፈረሰና ሳንቃውን ተጠቀመበት። ጡቡም መስኮቱም ያገለገለ ነበር። ቤቱ 3 በ4.5 ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ጠቅላላ ወጪው 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ሆነ። በዚያን ጊዜ የሃርቫርድ ተማሪ ለአንድ ክፍል በዓመት የሚከፍለው ኪራይ 30 ዶላር ነበር። ጁላይ 4 ቀን 1845 ገባ፤ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1847 ወጣ።

አንድ ሄክታር ያህል መሬት ላይ በዋናነት ቦሎቄ ዘራ። የመስመሮቹ ርዝመት ቢደመር 11 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሁሉንም በእጁ ይኮተኩት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከእርሻው 23 ዶላር ከ44 ሳንቲም አግኝቶ 14 ዶላር ከ72 ሳንቲም ተኩል አወጣ። ትርፉ ከ9 ዶላር በታች ነው፤ የሚያስቀና እርሻ አይደለም። የቶሮ ስሌት ግን ሌላ ነበር፦ የአንድ ነገር ዋጋ ለእርሱ የሚሰጡት የዕድሜ መጠን ነው። ፍላጎቱን ቀንሶ በዓመት ስድስት ሳምንት ያህል በመሥራት መኖር እንደሚችል ካሰላ በኋላ፣ የተረፈው ጊዜ የራሱ ሆነ። ባሕታዊ ነበር ማለት ስሕተት ነው፤ መንደሩ በእግር ብዙም አይርቅም፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ቤተሰቡ ጋም ይበላል።

ተፈጥሮንም የተመለከተው በስሜት ብቻ አልነበረም። መንደርተኛው ዋልደን ኩሬ ወለል የለውም ይል ነበር። ቶሮ በ1846 መጀመሪያ በረዶው ላይ ቆሞ፣ 700 ግራም ያህል ድንጋይ በገመድ አስሮ ከመቶ በላይ ቦታ ላይ ለካው። ትልቁ ጥልቀት 102 ጫማ፣ ማለትም 31 ሜትር ነበር። ኩሬ ለሚባል ነገር ቀላል ጥልቀት አይደለም።

በጋራ የተሞከረው ኑሮ ግን አልሰመረም። በ1841 ጆርጅ ሪፕሊ የመሠረተው ብሩክ ፋርም የተባለ የጋራ እርሻ ትምህርት ቤቱ ቢሳካለትም መሬቱ ደካማ ነበር፤ በ1846 መድን ያልተገባለት አዲስ ሕንፃው ተቃጠለና በዓመቱ ተበተነ። የክበቡ አባል ብሮንሰን አልኮት የጀመረው ሌላው የጋራ እርሻ ፍሩትላንድስ ደግሞ ሰባት ወር ገደማ ብቻ ቆየ። ሥጋና ወተት፣ ሱፍ፣ በባሪያ ጉልበት የተመረተ ጥጥ ሁሉ የተከለከለ ነበር፤ በበሬ ማረስም እንዲሁ፣ ይህኛው ቶሎ ቢላላም። ወንዶቹ ሐሳባቸውን ሊሰብኩ ሲዞሩ አዝመራው ደረሰ፤ ገብሱን ከዝናብ ያተረፉት የአልኮት ሚስትና ልጆቿ ናቸው።

በጁላይ 1846 ቶሮ የተጠገነ ጫማውን ሊወስድ ወደ መንደሩ ሲገባ፣ ግብር ሰብሳቢውና የእስር ቤቱ ኃላፊ ሳም ስቴፕልስ ያዘው። ጥፋቱ በየነፍሱ የሚጣለውን ግብር ለዓመታት አለመክፈሉ ነበር። ብዙ ጊዜ አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ያደረገችውን ጦርነት በመቃወም ታሰረ ይባላል። ጦርነቱ ግን የታወጀው በዚያው ዓመት በሜይ ሲሆን፣ እርሱ ለስድስት ዓመት አልከፈልኩም ይላል፤ ስለዚህ ባርነትን የሚደግፍ መንግሥት መንግሥቴ አይደለም ማለቱ ይቀድማል። የመንገድ ግብር ግን ይከፍል ነበር፤ ጎረቤቶቹን መጉዳት አልፈለገም። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ሌላ ሰው፣ አክስቱ ሳትሆን አትቀርም፣ ከፈለለት። ወጥቶ ጫማውን ተቀበለና ከሰዎች ጋር የዱር ፍሬ ሊለቅም ሄደ።

በጃንዋሪ 1848 በኮንኮርድ የሰጠው ትምህርት በ1849 «የመንግሥትን ሥልጣን መቃወም» በሚል ርእስ ታተመ። እንደሚታሰበው ሁሉንም ሕግ ጣሱ አይልም። መንግሥትን በማሽን ይመስለዋል፦ ጉድለቱ ማንኛውም ማሽን የማያመልጠው ፍትጊያ ከሆነ ተወው፣ ምናልባት ይለሰልሳል። ለጉድለቱ የተለየ መዘውር ከተበጀለት፣ መድኃኒቱ ከበሽታው የከፋ እንዳይሆን መዝን። አንተን ራስህን በሌላው ላይ የግፍ መሣሪያ የሚያደርግህ ከሆነ ግን ያን ጊዜ ሕጉን ጣስ፤ እስሩንም ተቀበል። ግብር ሰብሳቢው እኔ ምን ላድርግ ቢለው፣ ሥልጣንህን ልቀቅ ነው መልሱ። ጎጆውና እስር ቤቱ የሚገናኙትም እዚሁ ላይ ነው፤ ብዙ ንብረት ያለው ሰው መንግሥት የሚይዝበት ብዙ ነገር አለው፣ ቶሮ ግን የሚወረስበት ብዙ አልነበረውም።

«ሕዝባዊ እምቢተኝነት» የሚለው ርእስ የወጣው ከሞተ በኋላ፣ በ1866 ነው። ጋንዲ በ1907 በደቡብ አፍሪካ ጽሑፉን በጋዜጣው አስተዋወቀ፤ ትግላችን ግን ከዚያ በፊት ተጀምሮ ነበር ብሎ በኋላ አስረድቷል። ማርቲን ሉተር ኪንግ ተማሪ ሳለ አንብቦት በሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማ ጊዜ አስታውሶታል። ሁለቱም ግን ዓመፅ አልባነትን ያገኙት ከሌላ ቦታ ነው። ቶሮ ራሱማ በ1859፣ ባሮችን ለማስነሣት በመሣሪያ የዘመተው ጆን ብራውን ተይዞ ሳለ፣ በኮንኮርድ ሕዝብ ፊት ቆሞ ተሟግቶለታል።